ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ፒን

መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ብርድ ልብስ ለብሶ ከአውሮፕላኑ የፊት ጎማ አጠገብ ተጋድሟል። ሟቹ ወጣት መካኒክ ነው። የጎታች መኪናው ሹፌር የሆነው የሟቹ አባት እግሩ ስር ቁጭ ብሏል፤ ሰዎች ሲያነሱት ተመልሶ ይቀመጣል።

አውሮፕላኑ በሰላም አርፎ ወደ ማቆሚያው ሲሄድ ነበር የፊት ጎማው አልታዘዝ ያለው። ካፒቴኑ ፍሬን ይዞ እርዳታ ጠራ። አባትና ልጅ መጥተው በብረት ዘንግ ከመኪናቸው ጋር አያያዙትና እስከ ማቆሚያው ጎተቱት። ገና እንደቆሙ ጎማው በድንገት ዞረ፤ ዘንጉም ዞሮ ሊፈታው የተጠጋውን ልጅ ደረቱን መታው።

«መሪውን ነክተዋል?» ስትል ካፒቴኑን ጠየቀችው።

«ነክቻለሁ፤ ተስተካክሎ እንደሆን ልሞክረው ብዬ። ግን ቀዩን ጨርቅ ካየሁ በኋላ ነው።»

አውሮፕላን ሲጎተት የፊት እግሩ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት የብረት ፒን ይሰካል። እሱ እስካለ ድረስ አብራሪው መሪውን ቢያዞርም ጎማው ንቅንቅ አይልም። ዘንጉ ሲፈታ ፒኑ ይነቀልና መሪው ነጻ መሆኑን ለማሳወቅ ከታች ለአብራሪው ይታያል።

«ማን አሳየዎት?»

«ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ነበረች። ያየሁት ጓንት ያደረገ እጅ ብቻ ነው።»

ረዳት አብራሪዋ እንባዋን እየጠረገች፣ «እኔ አቀርቅሬ መቆጣጠሪያውን እያየሁ ነበር» አለች።

አባትየው ግን ቆጣ አለ። «ውሸቱን ነው! ልጄ ረስቶ ፒኑን አልሰካውም። ያው መኪናዬ ውስጥ ነው፤ ሂጂና እዪው።»

አባት የልጁ ሬሳ ሳይነሳ ልጁን ሲከስ መርማሪዋ ሰምታ አታውቅም። ፒኑን ከመኪናው ወለል አንስታ አየችው። ከብርድ ልብሱ የወጣውን የልጁን እጅም አየችና መልሳ ሸፈነችው።

ከዚያ ሁሉንም በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ልጁ አልረሳም» ብላ ጀመረች። «ፒኑ ላይ ያለው ቅባት ገና እርጥብ ነው፤ ከመሰኪያው ቀዳዳ የመጣ ነው። ስለዚህ ተሰክቶ ነበር። ተሰክቶ ከነበረ ደግሞ የነቀለው ሰው አለ፤ ካፒቴኑም አልዋሹም። እጁ ጓንት ነበረው ብለዋል። የሟቹ እጅ ግን ጓንት የለውም። እዚያ ታች ከእሱ ሌላ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም አባትየውን ላለማየት አቀረቀረ። እሱ ጉልበቱ ላይ ያለውን ጓንት ሲያሻሽ ቆየ።

«ሁልጊዜም የማሳየው እኔ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ስንቆም ከመኪናው እወርዳለሁ፤ እጄ ራሱ ወደ ፒኑ ይሄዳል። ልጄ ቀና ሲል ዘንጉን የፈታ መሰለኝ። ለካ ገና ነበር።»

«ታዲያ ለምን ረሳ አሉ?»

«እናቱ ቤት እየጠበቀችው ነው። ረሳ ብላት ታለቅሳለች። በኔ እጅ ነው ብዬ ግን በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

መርማሪዋ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ሥራውን በትክክል ሠርቶ ነው የሞተው። እናቱ ይህን ማወቅ አለባት። ከልጇ የቀራት ይህ ብቻ ነው።»

አባትየው ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ተነሳ።

«ከሰው አፍ አትስማው፤ እኔ እነግራታለሁ። ብቻ እስከ በሩ ድረስ አብራችሁኝ ሂዱ።»

ካፒቴኑ ተነስቶ ክንዱን ያዘለት።