ያልተቋጠረው ስም

አያ ሻውሬሜ በዊሪኩታ ምድረ በዳ፣ ከአንድ አጭር ቁጥቋጦ ሥር፣ በጠራራ ፀሐይ ሞተው ተገኙ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳላሚዎችን ሂኩሪ የሚባለው፣ ራእይ ለማየት የሚበላው ቅዱስ ቁልቋል ወደሚበቅልበት ወደዚህ በረሃ መርተዋል።

ስለ አሟሟታቸው ማንም ጮክ ብሎ ባይናገርም ሁሉም በልቡ ፈርዶ ጨርሷል። ወደ በረሃው ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ተሳላሚ በእሳቱ ፊት ቆሞ ከትዳሩ ውጭ አብሯቸው የተኛቸውን ሰዎች ስም ይጠራል፤ ለእያንዳንዱ ስም በቃጫ ላይ አንድ ቋጠሮ ይቋጥራል፤ ቃጫው ይቃጠላል። የሰማ ሰው መቆጣት አይፈቀድለትም። ስም የደበቀውን ግን ሂኩሪው ያሳብደዋል ይባላል። አዛውንቱ ሂኩሪውን ቀምሰው እንዳበዱ ሞቱ፤ እንግዲህ ዋሽተው ኖሯል! ልጃቸው ቱራማ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ተቀምጣለች።

«እትዬ ኡትሲማ፣ ዳኛችን እርስዎ ነዎት» አለ ቫዮሊን ተጫዋቹ ካሲሚሮ፣ ሽባ እግሩን እየጎተተ መጥቶ። «ሬሳው ሳይነሳ ይዩልን።»

ኡትሲማ ተንበረከከች። የሟቹ ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«እንዴት አደረጋቸው?»

«ፊታቸው ፍም መሰለ» አለች ቱራማ። «ውሃ ውሃ ይላሉ፤ ስሰጣቸው መዋጥ አቃታቸው። ከሸሚዛቸው ላይ የሌለ ነገር ይለቅማሉ። እኔን ‹ማነሽ አንቺ?› አሉኝ።»

«አስመለሳቸው?»

«ኧረ የለም። እናንተን ሁሉ አስመልሶ ሲያነጻ አባባን እምቢ አላቸው። የማፍረው ለዚያ ነው።»

«እኛ እያኘክን በላን። እሳቸውስ?»

«ጥርስ የት አላቸው? ፈጨሁላቸው፤ ሁለት ጉርሻ ያህል ቀመስኩና በቅል አድርጌ ለካሲሚሮ ሰጠሁት።»

«እኔም ለሮሴንዶ» አለ ካሲሚሮ። «በውሃ በጥብጦ ያጠጣቸው እሱ ነው።»

«አንተስ ምን ጨመርክበት?»

«እኔ? በዚህ እግሬ ቅሉን ሳልደፋው ማድረሴም ተአምር ነው!»

አንዱ ሊስቅ ቃጣውና አፍሮ አቀረቀረ።

ሮሴንዶ የመሪው ምክትል ነው፤ ቦታውን የሚወርሰውም እሱ ነበር። «ምኑን ይመረምሩታል፣ እትዬ?» አለ በለሆሳስ። «የደበቁት ስም ነበረ። ለልጅቷ ሲባል ቀብረናቸው ዝም እንበል።»

ኡትሲማ ቅሉን አንስታ ወደ ብርሃን አዘነበለችው። ከሥሩ አንዲት የደረቀች የቅጠል ቁራጭ ተጣብቃለች። ሂኩሪ ደግሞ ቅጠል የለውም።

«አገር ቤት፣ ቀይ ገደል ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?» ስትል ሮሴንዶን ጠየቀችው።

ዐይን ለዐይን ተያዩ። «በሕይወቴ ረግጬው አላውቅም፣ እትዬ።»

ፊቷን ቶሎ መለሰች። ጉንጯ ጋለ። ከሰው ርቃ ብቻዋን ተቀመጠች። ባሏ ኤውሴቢዮ ተከትሏት መጣ።

«ምን ነካሽ?»

«ምንም።»

ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። ሰውዬው ይቀበራሉ፤ ቱራማ የውሸታም ልጅ ተብላ ትኖራለች። ኡትሲማ ተነሳችና ሁሉም እሳቱ ዙሪያ እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

«ሂኩሪ አልገደላቸውም» ስትል ጀመረች። «ሂኩሪ ያስመልሳል፤ ሰው ልጁን አያስረሳም። አፍ የሚያደርቅ፣ ፊት የሚያግል፣ የሌለ ነገር የሚያስለቅም ኪዬሪ ነው።»

የጠንቋዮቹ ተክል ስሙ ሲጠራ ሰዎቹ አጉረመረሙ።

«ቅጠሉ ቅሉ ውስጥ ተገኝቷል። ቱራማ ቀምሳ ደህና ናት፤ ስለዚህ የተጨመረው ከእጇ ከወጣ በኋላ ነው። የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ኪዬሪ ደግሞ እዚህ በረሃ አይበቅልም፤ በአገራችንም ያለው ቀይ ገደል አናት ላይ ብቻ ነው። ካሲሚሮ ያንን ገደል መውጣት አይችልም።»

«እኔስ መቼ ወጣሁ?» አለ ሮሴንዶ። «ማን አየኝ?»

ኡትሲማ ባሏን አየችው። ከዚያ መሬቱን።

«እኔ» አለች። «ካቻምና፣ ዝናቡ ሲያባራ። እዚያ አራት ቀን ተገናኝተናል። ኪዬሪውን ልነካ ስል ‹ተይው፣ ያሳብዳል› ያልከኝ አንተ ነህ።»

«ኡትሲማ!» ሮሴንዶ ብድግ አለ። «አንቺ እንዲህ ታደርጊኛለሽ? ላንናገር ተማምለን...»

«እትዬ» ማለቱን ረስቶታል። ሁሉም ሰሙት።

«አያ ሻውሬሜ ጠርጥረውን ነበር» አለች ኡትሲማ። «ከመነሳታችን በፊት ጠየቁኝ፤ ካድኳቸው። ‹እሳቱ ፊት ካልተናገራችሁ በረሃው ውስጥ እኔ እናገራለሁ› አሉ። ይህን ለሮሴንዶ የነገርኩት እኔው ነኝ።»

ሮሴንዶ መልሶ ተቀመጠ። «ልገድላቸው አልነበረም» አለ። «ያበደ ሰው የሚለውን ማን ያምናል ብዬ ነው።»

ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘው ለመንደሩ ሸንጎ ሊያስረክቡት ወሰዱት።

ኤውሴቢዮ አልተቆጣም፤ መቆጣት አይፈቀድም። ከከረጢቱ አንድ ቃጫ መዘዘና ሳያያት ዘረጋላት። ኡትሲማ በሁሉም ፊት ቋጥራ እሳቱ ውስጥ ጣለችው።

«እትዬ» አለች ቱራማ፣ «ያን ጊዜ ሲጠይቁዎት እውነቱን ነግረዋቸው ቢሆን ኖሮ አባባ...»

«አዎ» አለች ኡትሲማ። «ዛሬ በሕይወት ይኖሩ ነበር።»

ቱራማ ተነሳች። ሄዳ ከአባቷ ሬሳ አጠገብ ተቀመጠች። ኡትሲማ ልትከተላት ሁለት እርምጃ ተራመደችና ቆመች።