አራት ሰዓት ተኩል ላይ የተሰማው ዜማ

ሽማግሌው ሙዚቀኛ አሮጌው ኤሌክትሪክ ፒያኖ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የተመታው ከኋላ፣ ማጅራቱ ላይ ነው። የመታው ነገርም ሩቅ አልሄደም፤ ከባድ የብረት እግር ያለው የማይክራፎን መቆሚያ ጥጉ ላይ ተወልውሎ ቆሟል። በዚያ ጥግ አቧራ ያልለበሰ ዕቃ እሱ ብቻ ነበር።

መርማሪዋ አምሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጠን ያለች ሴት ናት። ባልደረቦቿ «ቆይ» ይሏታል፤ ሰው ነገሩ አለቀልኝ ብሎ ሊነሳ ሲል «ቆይ፣ አንድ ነገር» ማለት ልማዷ ስለሆነ ነው። ስሙን ታውቀዋለች፣ አትቆጣም።

ሬሳውን ያገኘው የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኙ ነበር። የሟቹ የአርባ ዓመት ጓደኛ ነው። ኮሪደሩ ላይ በሁለት ፖሊሶች መሃል ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ ስንት ሰዓት መጡ?»

«ሁለቴ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ትንሽ ሥራ ነበረኝ፤ ጨርሼ ሄድኩ። ከዚያ መነጽሬን ረስቼ አምስት ሰዓት ላይ ተመለስኩ። ባንኳኳ ዝም አለኝ። ገፋ ሳደርገው ወድቆ አገኘሁት።»

የሟቹ ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ደርቋል፤ እንባውን ቀድማ ጨርሳዋለች።

«አራት ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ በር ላይ ነበርኩ» አለች። «ሲጫወት ሰማሁት።»

«ለምን አልገባሽም?»

«በዚህ ቤት ሲጫወት በር አይንኳኳም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሕጉ ይኸው ነው፤ እናቴም ነፍሷን ይማርና አታንኳኳም ነበር።»

«ምን ነበር የሚጫወተው?»

«የኔን ዜማ። ስወለድ የሠራልኝን። ሁለት ወር ተኳርፈን ነበር። ባሌ የአባዬን ዕቃዎች ድምፅ በሙሉ ኮምፒዩተር ላይ ቀድቶታል፤ እኔም ‹ከእንግዲህ ይሄ ቁርጥራጭ ብረት ምን ያደርግልሃል?› አልኩት። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም። ዛሬ ያንን ዜማ ስሰማ ይቅር ያለኝ መሰለኝ። አልቅሼ ተመለስኩ። ገብቼ ቢሆን አይሞትም ነበር።»

ነገሩ ያለቀ መሰለ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ በሕይወት የነበረ ሰው አምስት ሰዓት ላይ ሞቶ ከተገኘ፣ በመሃል የታየው ጠጋኙ ብቻ ነው። ጠጋኙን ፖሊሶቹ መኪና ውስጥ አስገቡት። ጓደኛውን እንኳ ቀብሮ ማልቀስ ላይችል ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ራሱ መከራከር ምን ይረባዋል?

አማቹ፣ የልጅቱ ባል፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ተጠየቀ። ድምፅ ቀራጭ ነው፤ ንግግሩ ፈጣን።

«ከአራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ስቱዲዮ ነበርኩ። አራት ሰው ይመሰክራል።»

«ፒያኖው አጠገብ ያለው ይህ ኮምፒዩተር ያንተ ነው?»

«የኔ ነው፣ እዚህ ነው የማስቀምጠው። የእነዚህ ሁሉ ድምፅ እዚህ ውስጥ አለ።» ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙትን አሮጌ ኦርጋኖች በአገጩ አሳየ። «ዓይንሽን ጨፍነሽ ብትሰሚ አትለዪውም።»

«ቆይ፣ አንድ ነገር። ፒያኖውን መጨረሻ የነካኸው መቼ ነው?»

«ቀድቼ ጨርሻለሁ እኮ፣ ምን ልሁን ብዬ እነካዋለሁ? ስድስት ወር ሆነው።»

ሁሉም ከሄዱ በኋላ መርማሪዋ ፒያኖው ፊት ተቀመጠች። መጫወት አትችልም። ከግራ ጀምራ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫነች፣ እያንዳንዱ የየራሱን ድምፅ ሰጠ። ወደ ቀኝ ስትደርስ አንደኛው «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ። ደገመችው። ጠቅ። ክዳኑን አንስታ ወደ ውስጥ ብዙ አየችና ቀጥታ ወደ ጣቢያ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጠጋኙ በካቴና መጣ። ሦስት ቀን ምግብ አልቀመሰም።

«ልጄ፣ ያንን ዜማ በአፍሽ በይልኝ» አለች መርማሪዋ።

ልጅቱ ባሏን አየችና አንጎራጎረች። ዜማው ቀስ እያለ ወጣ፣ ከፍ ያለች አንዲት ድምፅ ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ ይቆያል። እዚህ ጋ ነው ያለቀስኩት።»

«ይቺ ድምፅ በደንብ ተሰማሽ?»

«ጥርት ብላ።»

መርማሪዋ እጇን ዘርግታ ያቺኑ ቁልፍ ተጫነች። ጠቅ። ከዚያ ከፖስታ ውስጥ ጣት የማታህል የእንጨት መዶሻ አወጣች። «ጋሼ፣ ጣቢያ ሲገቡ ከኪስዎ የተወሰደች ናት። ምንድን ናት?»

«የዚያች ቁልፍ መዶሻ ናት። ውስጥ ያለውን ብረት መትታ የምታስጮኸው እሷ ናት። ጎማዋ አልቆ ነበር፣ አዲስ ላለብሳት ሦስት ሰዓት ላይ ነቀልኳት።»

«እንግዲህ ከሦስት ሰዓት በኋላ ይህ ፒያኖ ያንን ዜማ ሙሉውን ሊጫወት አይችልም። ልጅቱ ግን ሙሉውን ሰምታለች። የተጫወተው ከስድስት ወር በፊት፣ መሣሪያው ጤነኛ ሳለ የተቀዳው ድምፅ ነው።» ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረች። «ባለሙያ አይቶታል። ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ተከፍቷል፤ አንድ ሰዓት ያህል ዝምታ፣ ቀጥሎ ዜማው። ጋሼ ቢሆኑ መዶሻዋን ነቅለው ኪሳቸው ይዘው በዚያች ድምፅ አያታልሉንም፤ ኮምፒዩተርም ማብራት አያውቁም። ፒያኖው መጉደሉን የማያውቅ ሰው ነው ያደረገው። ልጄ፣ በዚያ ሰዓት እንድትመጪ የነገረሽ ማን ነው?»

ልጅቱ ወደ ባሏ ዞረች። «እሱ ነው» አለች። «ደውሎ ‹ሂጂ ታረቂው፣ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይመቸዋል› አለኝ።»

«ሲጫወት እንደማታንኳኪ ያውቃል።»

አማቹ ሊስቅ ሞከረና ፊቱ እምቢ አለው። «አባቷ የቀዳሁትን የፒያኖውን ድምፅ ማስታወቂያ ላይ ሰማ» አለ። «ደምስሰው አለኝ። እያንዳንዱን ቁልፍ በዚህ ጣቴ ነው የቀዳሁት፤ ደምስስ ብሎኝ ጀርባውን ሰጠኝ። ዜማውን ቀደም ብዬ ለማሳያ ሠርቼው ነበር። አንድ ዓይነት ነው እኮ። ማንም አይለየውም።»

 ፖሊሱ የጠጋኙን ካቴና ፈትቶ ለአማቹ አሰረለት።

«እኔ ስሰማ ሞቶ ነበር?» ልጅቱ መርማሪዋን ጠየቀች።

«ሞቶ ነበር፣ ልጄ። ብትገቢም አታድኚውም ነበር።»

«አልተጫወተልኝም ማለት ነው።»

መርማሪዋ መዋሸት አልፈለገችም። የመለሰላት ጠጋኙ ነው።

«መዶሻዋን ያስነቀለኝ ላንቺ ነው። ‹ቅዳሜ እደውልላታለሁ፣ እስከዚያ አድርስልኝ፤ ያለዚያች ድምፅ ዜማዋ አይሆንም› አለኝ።» የተሰበሰቡበት ያ ቀን ቅዳሜ ነበር። ጠጋኙ መዶሻዋን ከጠረጴዛው አነሳ። «ልግጠማት?»

«ተዋት፣ ጋሼ። እሱ የተዋት እንዲህ ነው» አለች ልጅቱ።

የአባቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያቺን ቁልፍ ተጫነቻት፣ ጣቷንም ሳታነሳ ዜማው የሚቆየውን ያህል ቆየች።