ከመታጠቢያ ቤቱ በር ውጭ

«አለህ?»

«አለሁ!»

ሃይሚ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀምጣለች። ጀርባዋን ለግድግዳው፣ ግራ ጆሮዋን ለመታጠቢያ ቤቱ በር ሰጥታለች። ከበሩ ወዲያ የሻወሩ ውሃ ይወርዳል። ድምፁ ሳይለዋወጥ ከወረደ አባቷ ሳይንቀሳቀስ ቆሟል ማለት ነው፤ ከተቆራረጠ ደግሞ እየተንቀሳቀሰ ነው። እሷ የምትፈራው ሁለቱንም ነው።

የሹራብ እንጨቶቿ እጇ ላይ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ አንድ። በእንጨቱ ጫፍ የክሩን ቀለበት ትከፍታለች፣ አዲሱን ክር ትጠመጥማለች፣ ጎትታ ታወጣለች፣ አሮጌውን ትለቀዋለች። ሃያ ስድስት ላይ ስትደርስ ገልብጣ እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ለራሷ ያወጣችው ደንብ አለ፤ ሁለት ረድፍ ሳትጨርስ «አለህ?» ብላ አትጠይቅም። ሹራቡን ከመጀመሯ በፊት በየሃያ ሰከንዱ ነበር የምትጠራው። አንድ ቀን አባቷ መረረውና «ልጄ፣ ገላዬን እየታጠብኩ ነው እንጂ ጨረቃ ላይ አልወጣሁ!» ብሎ ጮኸባት።

ስልኳ ወለሉ ላይ ነዘረ። ዮርዲ ናት።

«ቤስተሞር፣ ዛሬም አትመጪም?»

ቤስተሞር በኖርዌይኛ አያት ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ሹራብ ስትሠራ ካዩዋት ጀምሮ ጓደኞቿ ያወጡላት ስም ነው። አስተማሪዎቹ ግድ የላቸውም፤ እጇ ሲሠራ ጆሮዋ ይሰማል። የምታፍረው ዮርዲ ናት።

«ኔይ፣ አልመጣም። ዛሬ ከኮሙኑ ሰው ይመጣብናል።»

«ቅዳሜስ?»

«አላውቅም።»

«ሁሌ አላውቅም። ሙድሽ ጠፍቷል፣ እናቴ ትሙት።»

ሃይሚ ስልኩን በፊቱ ደፋችው። ሁለት ረድፍ ሞልቷል።

«አለህ?»

«አለሁ አልኩሽ!»

አባቷ ገነነ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። አልናብሩ በሚባል ሰፈር ባለ መጋዘን ሃያ ሁለት ዓመት ፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ነድቷል። አሁን ፓርኪንሰን እጁን ያንቀጠቅጠዋል፣ እግሩንም አንዳንዴ ወለሉ ላይ ያጣብቀዋል። እናቷ ወይዘሮ ሙሉ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ቢሮ ስታጸዳ ታመሻለች። ስለዚህ ሃይሚ ከትምህርት ቤት ከምትመለስበት ሰዓት ጀምሮ ካልሲው፣ የሸሚዙ ቁልፍ፣ መድኃኒቱ፣ ሻወሩ የእሷ ነው። ዛሬ ከኮሙኑ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ የምትመጣው ሴት ሥራዋ ይህን ማየት ነው። ለአባቷ ከሰዓት በኋላ ረዳት ይላክለት ወይስ አይላክለት የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት።

ጠዋት ሃይሚ ጫማዋን ስታስር እናቷ ነግራታለች። «አንቺ አፍሽን ይዘሽ ቁጭ በይ። በስልክ አስተርጓሚ አለ። ልጅ ማስተርጎም ክልክል ነው፣ ሕግ ነው። አባትሽ አፍ አለው፣ ራሱ ይናገር።»

ውሃው ቆመ። ሃይሚ ፎጣው ከመስቀያው ሲነሳ ሰማች፤ ያን ጊዜ ብቻ ተነሥታ ሹራቡን ብብቷ ሥር ሸጎጠችና ንጹሕ ሸሚዝ ልታመጣለት ሄደች።

ሴትዮዋ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መጣች። ስሟ ኢንግቪል ነው። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በወፍራም የሱፍ ካልሲ ገባች፣ ሶፋው ላይ ያለውን ረጅም ግራጫ ሹራብ አይታም ፊቷ በራ።

«ምን ሊሆን ነው?» አለች በኖርዌይኛ።

«ምንም» አለች ሃይሚ።

«ጥሩ። የኔም ብዙውን ጊዜ ምንም ነው የሚሆነው።»

ሃይሚ ሳታስበው ሳቀች። ጥግ ላይ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠችና እንጨቶቿን አነሣች። ኢንግቪል ስልኳን ጠረጴዛው መካከል አስቀምጣ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«እንደምን ዋሉ» አለ ከስልኩ የወጣ የወንድ ድምፅ። «አስተርጓሚ ነኝ። የሚባለውን ሁሉ አስተረጉማለሁ፣ ምስጢርም እጠብቃለሁ።»

የአባቷ ፊት ተለወጠ። ወደ ሃይሚ ዘንበል ብሎ በሹክሹክታ «ይሄ ብርሃነመስቀል አይደለም እንዴ?» አላት።

«የቱ ብርሃነመስቀል?»

«ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ የሚናገረው ነዋ!»

«አባዬ፣ አላውቅም።»

«ራሱ ነው።» ቀና ብሎ ተቀመጠ። የሚንቀጠቀጥ ቀኝ እጁን በግራው ያዘው፤ ማንም ምንም ሳይጠይቀው ወደ ስልኩ ጮክ ብሎ «ደህና ነህ ወንድሜ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አልጎደለብንም» አለ።

ድምፁ ያንኑ በኖርዌይኛ መለሰው። ኢንግቪል ጻፈች።

«ልብስዎን ያለ ሰው እርዳታ…» ብሎ አስተርጓሚው ጥያቄውን ገና ሳይጨርስ ገነነ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አደረገ፤ አጭር፣ ፈጣን፣ ጉሮሮው ውስጥ የምትቀር ድምፅ። «…ይለብሳሉ?»

ኢንግቪል ብዕሯን ይዛ ወደ ሃይሚ ዞር ብላ ሳቀች። «እኛም እኮ ሰሜን እንዲህ ነን! ትሮምሶ ውስጥ ‹ያ› ስንል ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ነው የምንስበው።» እሷም ሳበች፣ ለማሳየት። ከዚያ ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገች።

የሃይሚ እጅ ቆመ።

አባቷ «ያ»፣ ማለትም አዎ፣ አላለም። ይህን ድምፅ ሃይሚ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አዎም ሊሆን ይችላል። አባቷ ግን ሰው ሲያናግረው፣ ወሬውም ሳያልቅ፣ «እየሰማሁ ነው፣ ቀጥል» ለማለት ያሰማዋል። የኤሌክትሪክ ኩባንያ ሲደውል እንኳን እንዲህ ይላል። አስተርጓሚው ዝም አለ፤ የሚተረጎም ቃል አልወጣማ።

«ሻወርስ ለብቻዎ ይወስዳሉ?»

ትንፋሽ ወደ ውስጥ። ምልክት።

«ምግብ ማሞቅ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰድስ?»

ትንፋሽ። ምልክት። አባቷ አስተርጓሚው ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ለምን እንደሚቸኩል አልገባውም፤ ስልኩን በትሕትና ያየዋል።

«ባለፉት ስድስት ወራት ወድቀው ያውቃሉ?»

ይህን ጊዜ ትንፋሽ አልሳበም። ሃይሚን አየት አደረጋት፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ ጉልበቱ መለሰ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን ብሏል» አለ አስተርጓሚው በኖርዌይኛ።

«ደስ ይላል» አለች ኢንግቪል፣ የመጨረሻዋንም ምልክት አደረገች።

ሃይሚ እንጨቱን ወደሚቀጥለው ቀለበት ልትከት ሞከረች፤ አልገባም አላት። ክሩን በጣም ጎትታው ነበር። ጥር ወር ላይ አባቷ ሻወር ውስጥ ወድቋል። እሷ በሩን ከፍታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ፎጣ ወርውራለት ነው ያነሣችው። በዚያው ቀን ሶፋው ላይ ተቀምጦ «ይህ በእኔና በአንቺ ይቅር፤ ለእናትሽም ቢሆን» አላት። እሺ ብላለች። ቃል ገብታለች።

ሃይሚ ሹራቡን ሶፋው ላይ አኑራ ልትሸኛት ወጣች፤ ኢንግቪል በር ላይ ጫማዋን ስታጠልቅ ካርድ ሰጠቻት። «ወረቀቱን ነገ ጠዋት አስገባለሁ። ጥያቄ ካለሽ ደውዪ። አባትሽ ግን ጎበዝ ነው!»

በሩ ተዘጋ። ሃይሚ ተመልሳ ሳሎን መሃል ቆመች።

«ለምን ሁሉንም ያ አልካት?»

«ማን? እኔ?» አባቷ ከልቡ ደነገጠ። «መቼ ያ አልኩ?»

«እንዲህ ስትል!» ትንፋሿን ሳበች። «ለብቻህ ትለብሳለህ ወይ ስትልህ እንዲህ አልክ። ሻወር ስትልህ እንዲህ አልክ። ሁሉንም ያ ብላ ጻፈችው።»

«ሴትዮዋ ስትናገር ታዲያ እንደ ግንድ ልገተር? እየሰማሁ ነው ማለቴ ነው እንጂ! ጥያቄው አለቀ ብዬ መልስ ልሰጥ ስል እሷ ሌላ ትጠይቃለች…» ቆም አለ። ነገሩ ቀስ ብሎ ገባው። ሃይሚ አሁን ይናደዳል ብላ ጠበቀች፤ እሱ ግን ጀርባውን ወደ ሶፋው ለቀቀው። «እንግዲህ ተጽፏል» አለ። «ይሻላል።»

«ምኑ ነው የሚሻለው?»

«ብርሃነመስቀል እየሰማኝ ልጄ ካልሲ ታጠልቅልኛለች ልበል? እሁድ በምን ዓይኔ ላየው ነው?»

«እሱ መሆኑን እንኳን አታውቅም!»

«ድምፁ አይጠፋኝም።»

«መውደቅህንስ?»

«ይህን ለሰው አንነግርም ተባብለናል።»

«እኮ! ከሰው ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አለች ሃይሚ። «አንተ አትናገርም፣ እማዬ አታውቅም። እኔ ብቻ!»

ገነነ ነገር ማስቀየስ ሲፈልግ እንደሚያደርገው በአጠገቡ ያገኘውን ዕቃ አነሣ፤ ያገኘው ሹራቡን ነበር። ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ወርዱ አንድ ስንዝር ነው፣ ርዝመቱ ግን ከሶፋው ወርዶ ወለሉ ላይ ይጠቀለላል።

«ይሄስ?» አለ። «አንዴ ይሰፋል፣ አንዴ ይጠባል። በዚህ አያያዝሽ አልናብሩ አንድ ቀን አያሠሩሽም። ዕቃ እንዲህ ብደረድር እላዬ ላይ ነበር የሚናደው።»

አልሳቀችም። «አንተ ስትታጠብ ነው የምሠራው።»

«ሳሎን ሆነሽ?»

«በሩ ሥር። ወለሉ ላይ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከኖቬምበር።»

አባቷ ጠርዙን በጣቶቹ መካከል ያዘ። ጣቶቹ ሲንቀጠቀጡ ሹራቡም አብሮ ይንቀጠቀጣል። «ለምንድን ነው የሚጠበው?»

«ስፈራ። ሳላውቀው ክሩን እጎትተዋለሁ።»

ጣቱ በጠርዙ ላይ ሄደ። አንድ ቦታ ሹራቡ እንደ ቀበቶ ታንቆ ነበር፤ እዚያ ቆመ። ቀና ብሎ አያት።

«የወደቅክ ቀን ነው» አለች። «ያን ቀን ማታ እንኳን ልተወው አልቻልኩም።»

ጠባቡ ወዲያው አላለቀም። ክንድ የሚያህል ርዝመት ተጉዞ ነው ቀስ በቀስ መስፋት የጀመረው። ገነነ እስከ መጨረሻው ተከተለው። «ይሄስ? እዚህ ጋ ደልዳላ ነው።»

«እማዬ እረፍት የነበረችበት ሳምንት።»

ከታች በኩል የአካባቢው ባቡር ሲያልፍ ተሰማ። ሃይሚ ካርዱን በእጇ ይዛ ወደ ክፍሏ ለመሄድ ሁለት እርምጃ ተራመደች። በሯን ዘግታ ብትደውል ነገሩ የሁለት ደቂቃ ነው፤ በኖርዌይኛ ቶሎ ቶሎ ትናገረዋለች፣ እሱም ላይሰማ ይችላል። ከዚያ ረዳት ሲመጣ እንዴት እንደመጣ ሳያውቅ ይኖራል። እሷም አንድ ተጨማሪ ምስጢር ይኖራታል።

ተመለሰች። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ልደውልላት ነው፣ አባዬ። ተደብቄ ግን አልደውልም።»

«ሃይሚ!»

«አስተርጓሚ የለም። ብርሃነመስቀል የለም። አንተ፣ እኔና እሷ ብቻ ነን።»

«ቃል ገብተሽልኛል።»

«ገብቻለሁ» አለች። «አሁን ላፈርሰው ነው። እያየኸኝ።»

አባቷ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገትሯል። ተይ ይላታል ብላ ጠበቀች፤ ተይ አላላትም፤ ደውዪም አላላትም። ሃይሚ ቁጥሩን ነካካችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«ኢንግቪል።» ከኋላዋ የባቡር ጫጫታ አለ።

«ሃይሚ ነኝ፣ የገነነ ልጅ። አባቴም አጠገቤ ነው፣ ይሰማሻል።» ስልኩን ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። «የጻፍሽው ልክ አይደለም። ያ አላለም። እየሰማሁ ነው ማለቱ ነበር።»

«እንዴት?» አለች ኢንግቪል። «የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

ሃይሚ አፏን ከፈተች። ዝርዝሩ ምላሷ ላይ ነበር፤ ሸሚዙ፣ ካልሲው፣ ሻወሩ፣ ጥር ላይ የሆነው። በዚህ መሃል ሶፋው ተንቀሳቀሰ። አባቷ ከመስኮቱ ዞሮ በሁለት እጁ ጠረጴዛውን ተደግፎ ወደ ስልኩ እየቀረበ ነው። መጋዘን ውስጥ የለቀመው ኖርዌይኛ ቁጥርና መደርደሪያ፣ «ተጠንቀቅ»ና «ምሳ» ነው፤ ስለ ራሱ የሚናገርበት ብዙ ቃል የለውም።

«ያይ…» አለ። እኔ ማለቱ ነው። «ያይ… ኢከ…» እኔ፣ አልችልም። የሸሚዙን ደረት በጣቱ ያዘ፤ ሴትዮዋ እንደማታየው ረስቶ ለስልኩ አሳየው። «ክናፐር።»

ቁልፎች። እኔ ቁልፎች አልችልም።

ሃይሚ የቀረውን ታውቀዋለች። በግማሽ ትንፋሽ ልትጨርስለት ትችላለች። ግን እጆቿን ጭኗ ሥር ከታ ተቀመጠችባቸውና ጠበቀችው። ባቡሩ ውስጥ ያለችውም ሴት ጠበቀች። ገነነ ግንባሩን ቋጥሮ የሚቀጥለውን ቃል ይፈልግ ጀመር።