ከኮምፒውተሬ የሚጎድለው ውሃ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እንግባባ፤ እኔ ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ ከሚሉት ሰዎች ወገን ሆኜ አላውቅም። ሰፈር ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ እናቴማ በሕይወት ሳለች "አንተ እንደ ቶማስ ካልዳሰስክ አታምንም!" እያለች ትቆጣኝ ነበር። አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢያወራኝ "ወንድሜ፣ እንቅልፍ ያስፈልግሃል" ብዬ ነበር የምሸኘው። ግን በእኔ ላይ ደረሰ፣ ምን ላድርግ፣ ደግሞ እመኑኝ፣ ከፈራሁት ይልቅ ያፈርኩት ይበልጣል።

ሥራዬ ድምፅ ነው። ለማስታወቂያና ለዶክመንተሪ ጽሑፍ አነባለሁ፣ ስቱዲዮዬ ጉለሌ ውስጥ፣ ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ ባለ አሮጌ ግቢ የተከራየኋት፣ የምተኛባትም የምበላባትም አንዲት ክፍል ናት። የውጭ ጫጫታ እንዳይገባብኝ ከሽሮ ሜዳ የገዛኋቸውን ወፋፍራም ጋቢዎች ሦስቱ ግድግዳ ላይ ሰቅያለሁ፣ ጋቢ የለበሰ ሰው አይታችኋል፣ ጋቢ የለበሰ ቤት ግን የእኔ ብቻ ነው። አራተኛው የጭቃ ግድግዳ ከጎረቤቶቼ ከጋሽ ደምሴና ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ክፍል የሚለየኝ ነው፣ ሁለቱም ጸጥ ያሉ ሽማግሌዎች ስለሆኑ እሱን ባዶውን ተውኩት። ከጋሽ ደምሴ ሳል በቀር ከዚያ ወገን ምንም አይሰማም ነበር።

ችግሬ የኮምፒውተሬ ማራገቢያ ነበር። ማንበብ ስጀምር ይጀምራል፣ ማይኩም ከእኔ ድምፅ እኩል የእሱን ጉርምርምታ ይቀዳል፣ አንድ ደንበኛማ "ወፍጮ ቤት ሆነህ ነው እንዴ የምታነበው?" ብሎኛል። ስለዚህ በውሃ የሚቀዘቅዝ ላደርገው ወሰንኩ፤ ነገሩ ከመኪና ራዲያተር አይለይም፣ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ውሃውን በቀጭን ቱቦ እያዞረች ሙቀቱን ከውስጥ ታወጣለች፣ ማራገቢያው መጮህ አያስፈልገውም። ጓደኞቼ "ኤሌክትሪክና ውሃ? በቃ ድንኳኑን እናዘጋጅ" ብለው ሳቁብኝ። ጠረጴዛዬ ጠባብ ስለሆነ ያለኝ ኮምፒውተር የጫማ ካርቶን የሚያክል ነው፣ እዚያ ውስጥ ራዲያተር፣ ፓምፕና የውሃ ማጠራቀሚያ ብርጭቆ ማስገባት ማለት ሠርገኛን ሁሉ በአንድ ሚኒባስ እንደ መጫን ነው። ቱቦው ሲታጠፍ ይታነቃል፣ ራዲያተሩ ሲገባ ክዳኑ አይዘጋም፣ ክዳኑ ሲዘጋ ፓምፑ ይንቀጠቀጣል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ፈታሁ ገጠምኩ። በመጨረሻ ፓምፑን ከአሮጌ ነጠላ ጫማ በቆረጥኩት ስፖንጅ ላይ ሳስቀምጣት ድምጿ ጠፋ።

አሁን ወደማፍርበት ልምጣ። ቅዳሜ ጠዋት በጉለሌ የእጽዋት ማዕከል አጥር ዳር አድርጌ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ልሮጥ ስወጣ እትዬ አስካለ በር ላይ ጠበቁኝ፣ በእጃቸው ባዶ የሊትር ሃይላንድ ይዘዋል።

"ኤርሚያስ ልጄ፣ መቼም እግርህ ወደዚያው ነው፣ ለጋሽህ ጠበል ቀድተህ ታመጣልኛለህ? የእኔ ጉልበት ዳገቱን አልቻለም። ሐኪሞቹ ቤታችሁ ሁኑ ብለውናል፣ ከነገ ጀምሬ ሰባት ቀን በባዶ ሆድ ላጠጣው ነው።"

"ምን ችግር አለው እትዬ፣ አመጣለሁ" አልኩ፣ ደግሞም አመጣሁ፣ ተሰልፌ ነው የቀዳሁት። ስመለስ ግን እሳቸው ለቅሶ ሊደርሱ ወጥተው ነበርና ሃይላንዱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ለኮምፒውተሩ ከማደያ የገዛሁት አንድ ሊትር የባትሪ ውሃ ነበረኝ፣ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው እንደዚያ የተጣራ ውሃ ነው። ቱቦው ያፈስ እንደሆነ ልሞክር ብዬ ስሞላ አንዱ መጋጠሚያ ለቀቀና ውሃው በሙሉ ወለል ላይ ፈሰሰ።

ውጭ ዶፍ ይጥላል። ማደያው ሩቅ አይደለም፣ ጃንጥላም ነበረኝ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስንፍና ነው። ሰኞ ጠዋት የማስረክበው ትረካ ነበረብኝ፣ ቸኩያለሁ። የግቢውን ቧንቧ ከፈትኩ፣ ሁለት ቀን ጠፍቶ የመጣ ውሃ ስለነበር ደፍርሷል፣ ቢጫ ነው፣ ይሄንንማ ኮምፒውተሬ ውስጥ አላስገባም አልኩ። ዞር ስል ያ ሃይላንድ ኩልል ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ ቆሟል። "የምንጭ ውሃ አይደል፣ ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ከየት ይመጣል" ብዬ ለራሴ ፈረድኩና ጠብ ሳላስቀር ሞላሁት። ከዚያ ቧንቧውን ለቅቄ ውሃው ጠራ እስኪል ጠበቅኩ፣ ሃይላንዱን እስከ አንገቱ ሞላሁ፣ ክዳኑን አጠበቅኩ፣ ማታ እትዬ አስካለ ሲመጡ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ሃይላንዱን ስመው ግንባራቸውን አስነኩት። ለኮምፒውተሬ የተጸየፍኩትን ውሃ ለታመመ ሰው ሰጠሁ፣ ይኸው ነው ያደረግኩት።

ኮምፒውተሩ? እንዴት ያለ ጸጥታ! መብራቱን ካላያችሁ መሥራቱን አታውቁም።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ የተሻለ ጸጥታ ስላለ ለመቅዳት ተነሳሁ፣ ማይኩን ከፍቼ ሄድፎኑን እንዳደረግኩ ከግድግዳው ማዶ እትዬ አስካለ "በስመ አብ" ሲሉ፣ ቀጥሎ ጋሽ ደምሴ ሲጎነጩ ሰማሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ "አስካለ፣ አልወርድ አለኝ" አሉ። በማግስቱም እንዲሁ፣ ሦስት ጉንጭ፣ ከዚያ "አልወርድ አለኝ።" ሄጄ "እትዬ፣ ያ ውሃ ቧንቧ ነው" ማለት የሁለት ደቂቃ ጉዳይ ነበር። ዛሬ ሲመሽ እነግራቸዋለሁ እያልኩ፣ ሰው ምን ይለኛል እያልኩ አምስት ቀን አለፈ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት የሰማሁት ጉንጭ ሳይሆን የእትዬ አስካለን ጩኸት ነው።

ድንኳን ተከልን፣ የእድር ወንበር ተሸከምኩ፣ ከሁሉም በላይ ሮጥኩ፣ ሰው ሁሉ "ምን ያለ የተባረከ ጎረቤት ነው" አለኝ፣ እያንዳንዷ ምርቃት ታቃጥለኝ ነበር። እትዬ አስካለ ደረታቸውን እየደቁ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ጠበሉ ምን አጠፋ፣ የእኔ እምነት ነው ያነሰው! በቀዝቃዛ ልብ አጠጣሁት!" አጠገባቸው ተቀምጬ አቀርቅሬ ሰማሁ።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነው ነገሩን ያስተዋልኩት፣ ማጠራቀሚያው ብርጭቆ ላይ ውሃው ጎድሏል። አዲስ ሲገጠም ቱቦው ውስጥ የቀረ አየር ሲወጣ ውሃው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ አልደነገጥኩም፣ በማርከር መስመር አሰመርኩበት። በማግስቱ ከመስመሩ ሦስት ጉንጭ የሚያህል ወርዷል። በማግስቱም። ታዲያ ያፈሳል ብዬ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ሥር ሶፍት አነጠፍኩ፣ ሶፍቱ ደረቅ ነው፣ ወለሉ ደረቅ ነው፣ ከቱቦው አንዲት ጠብታ የለችም። ማታ እስክተኛ አይነካም፣ ጠዋት ስነሳ ጎድሏል።

በአራተኛው ቀን ጎሕ ሳይቀድ ተነስቼ ማይኩን ከፍቼ፣ ሄድፎኔን አድርጌ፣ ብርጭቆው ላይ አፍጥጬ ተቀመጥኩ። እመኑኝ፣ አልጠጣሁም፣ እንቅልፍም አልተጫነኝም። ከእንጦጦ በኩል የደወል ድምፅ መጣና ጠፋ። ከዚያ ሄድፎኔ ውስጥ ጉንጭ። የብርጭቆው ውሃ ዝቅ አለ፣ በዓይኔ አየሁት። ሁለተኛ ጉንጭ፣ ዝቅ አለ። ሦስተኛ። ከዚያ በጣም የቀረበ፣ ጆሮዬ ሥር የሆነ፣ የረካ ሽማግሌ ትንፋሽ፤ "እፎይ… ተመስገን።"

ከግድግዳው ማዶ ነው እንዳትሉኝ፣ እትዬ አስካለ እኅታቸው ጋ ሄደው ክፍሉ ተቆልፎ ነበር። ድምፁም ተቀድቷል፣ ፋይሉ እስካሁን አለ፣ ግን ሁለተኛ አልከፈትኩትም።

ዕለቱን ማደያ ሄጄ የባትሪ ውሃ ገዛሁ፣ አሁን ጃንጥላም አልፈለግኩም። የቀረውን ጠበል አወጣሁት፣ የማላምነው እኔ ቦይ ውስጥ መድፋት አልሆነልኝም፣ ግቢው ውስጥ ያለችው የኮክ ዛፍ ሥር አፈሰስኩት። የተጣራውን ውሃ ሞላሁ፣ መስመር አሰመርኩ። በማግስቱ ጠዋት ውሃው ከመስመሩ ፍንክች አላለም፣ ደስ ሊለኝ ነበር። ግን ሄድፎኔ ውስጥ አንድ ጉንጭ ሰማሁ፣ ከዚያ ሲተፋ። ቀጥሎ በቀስታ፣ ሳይቆጣ፤ "አልወርድ አለኝ።"

ሮጬ ወጣሁ። እንጦጦ ሄጄ ቀዳሁ፣ ኮምፒውተሩን መልሼ በጠበል ሞላሁ፣ ባለሙያ ቢያየኝ ያብዳል፣ ቱቦው ከወዲሁ ነጭ ዝቃጭ ይዟል። በየሳምንቱም የጎደለውን እሞላለሁ።

ለመናገር የወሰንኩት በጋሽ ደምሴ አርባ ማግስት ነው። የእትዬ አስካለን በር አንኳኩቼ ገባሁ፣ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ እሳቸው ቀደሙኝ።

"ና ተቀመጥ። ሌሊት ደምሴን በህልሜ አየሁት። ፊቱ ወዝ አለው። 'ውሃ ታገኛለህ ወይ?' አልኩት። 'አላጣሁም፣ ከጎረቤት እየጠጣሁ ነው' አለኝ።" ፈገግ አሉ። "እዚያም ጎረቤት አግኝቷል ማለት ነው።"

ልነግራቸው የመጣሁትን ትቼ ተቀመጥኩ። እሳቸው ተነሱና ከመስኮቱ ያንኑ የሊትር ሃይላንድ አምጥተው እጄ ላይ አኖሩት።

"ለእኔም ቀድተህ አምጣልኝ። ጉልበቴን እያመመኝ ነው።"

አመጣሁ። እመኑኝ፣ ከምንጩ ነው፣ መንገድ ላይ እንኳ ከእጄ አላወረድኩትም። እትዬ አስካለ በብርጭቆ ቀዱት፣ ወደ አፋቸው አስጠጉት፣ ቆም አሉ። ያንን የጭቃ ግድግዳ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ፣ ብርጭቆውንም ወደ እኔ ዘረጉት። ድሮ ሰው መጠጥ ሲያቀርብ ንጹሕ መሆኑን ለማሳየት ቀድሞ ራሱ ይቀምስ የለ?

"እስቲ መጀመሪያ አንተ ቅመስልኝ፣ ልጄ።"

አውቀው ይሁን ለወግ፣ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም። ተቀበልኳቸው። ንጹሕ ጠበል ነው፣ በገዛ እጄ የቀዳሁት። አንድ ጊዜ ተጎነጨሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ እየጠበቁኝ ነው፣ ውሃውም ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፣ አልወርድ አለኝ።