የተቆለፈው ላፕቶፕ

ዋና ኢንስፔክተር ፈለቀች ቁጭ ማለት አይሆንላትም። አትላስ አካባቢ ባለ ሆቴል የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሞቶ ሲጠብቃት ደግሞ ጭራሽ እግሯ አላርፍ አለ። ሬሳውን አየች፤ መድረኩን ዞረች፤ ኮሪደር ወጥታ ተመለሰች፤ እንደገና ወጣች።

ሟቹ አምደሚካኤል የአንድ ዩኒቨርሲቲ የአይቲ ድጋፍ ክፍል ኃላፊ ነበር። በዩኒቨርሲቲ አይቲ ሠራተኞች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ንግግር ሊያደርግ ተራ ይዞ ሳለ ከመድረኩ ጀርባ ያለው ሶኬት ተበላሸ። ጥገና እስኪመጣ መጠበቅ የት ያውቅበታል። ኮቱን አትሮኖሱ አጠገብ ካለ ወንበር ላይ ጣል አድርጎ ካቻቪቴ ይዞ፣ ሰው ሻይ ላይ ሳለ ሶኬቱን ፈታ። ሰዎች ከሻይ ሲመለሱ ኤሌክትሪክ ገድሎት አገኙት።

«ሁሌም መጀመሪያ ኮሪደር ያለውን የመብራት ማጥፊያ ብሬከር ያጠፋል፤ ከዚያ የስም ባጁን እላዩ ላይ ያንጠለጥላል» አለ የሟቹ ምክትል አብነት፣ ዓይኑ ቀልቶ። «ሰው እየሠራ ነው፣ እንዳትነኩ ማለት ነው። ዛሬ ግን ረሳ መሰለኝ።»

ባጁ በእርግጥም የተገኘው ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። ስለዚህ ነገሩ ያለቀ መሰለ፤ የሆቴሉ ኤሌክትሪሺያን ጣሃ ምልክት የሌለበትን ብሬከር አብርቶ፣ በቸልተኝነት ሰው ገድሏል ተባለ። ፖሊሶች ወጥ ቤቱ በር ላይ አቁመውታል፤ ወደ ጣቢያ የሚወስደው መኪና እየመጣ ነው።

«አብርተኸዋል?» አለችው ፈለቀች።

«አላውቅም እትዬ» አለ ጣሃ። «ጠዋቱን ሙሉ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ብሬከር ሳነሳ ነው የዋልኩት። ያንን ልንካው አልንካው አላስታውስም። እስሩስ ይሁን፤ ሰው ገድዬ እንደሆነ ግን ማወቅ አለብኝ። እንዲህ ሆኜ ቤቴ መግባት አልችልም።»

ራሱን ለማዳን የሚዋሽ ሰው ፈለቀች ሞልቶ አይታለች። ራሱን የሚጠረጥር ሰው ግን አንጀቷን በላው። መኪናው ሳይደርስ እውነቱን ላገኝለት ይገባል ብላ ወደ አዳራሹ ሮጥ አለች።

አስተናጋጆቹ እንደነገሯት ሻያቸውን አቋርጠው ወደ ኮሪደሩ የወጡት ሦስት ናቸው፦ አብነት፣ የጉባኤው አዘጋጅ ሊና፣ እና ከሟቹ ጋር ለማኅበሩ ሊቀመንበርነት የሚፎካከረው የሌላ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ተስፉ። ሊናን አትሮኖሱ ጋ አገኘቻት።

«ይህ ላፕቶፕ የማን ነው?»

«የእሱ። ለንግግሩ አዘጋጅቶት ነበር። ስመለስ ግን ተቆልፎ አገኘሁት።»

«ሲቆይ በራሱ ይቆለፍ የለም እንዴ?»

«እንዳይቆለፍ አድርጎታል፤ አጠገቡ ነበርኩ። ለሻይ ስንወጣም ክፍት ነበር።»

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

ሊና ከንፈሯን ነከሰች። «ፊዮሪ የምትባል፣ ከእነሱ ቢሮ የተባረረች ልጅ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጥልኝ አለ። አልተመዘገበችም አልኩት። ንግግሬ ስለ እሷ ነው ብሎ ተቆጣ።»

ፊዮሪ ባጅ የለሽም ተብላ ጠዋቱን ሙሉ ከጥበቃዎቹ ጋር ስትከራከር ነበር፤ እነሱም መሰከሩላት። ፈለቀች እዚያው በሩ ላይ አናገረቻት።

«የተማሪዎች ውጤት ከሰርቨር ጠፋ፤ በእኔ ተላከከ» አለች ፊዮሪ። «ጋሼ አምደሚካኤል ትናንት ደውለው፣ ያጠፋውን ደርሼበታለሁ፣ ነገ ሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ አሉኝ። ስም ግን አልጠሩም።»

«እናንተ ቢሮ ላፕቶፕ የሚቆልፍ ማነው?»

ፊዮሪ በሐዘኗ መሃል ፈገግ አለች። «ሁላችንም። ስክሪኑን ክፍት ትቶ የተነሳ ለቢሮው ሁሉ ማኪያቶ ይጋብዛል። ስንቀጣ ስንቀጣ፣ አሁን የሌላ ሰውም ቢሆን ክፍት ስናይ ሳናስበው ነው የምንቆልፈው።»

ፈለቀች ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበች፤ ጣሃንም አስመጣች። የራሷን ላፕቶፕ አትሮኖሱ ላይ ከፍታ «በሻይ ሰዓት የት እንደነበራችሁ በየተራ ጻፉልኝ» አለች። ሊና ጽፋ ተመለሰች። ተስፉም ጽፎ ተመለሰ። አብነት ጻፈ፤ ዞር ሲል ጣቶቹ ሁለት ቁልፍ ነክተው አለፉ። ላፕቶፑ ተቆለፈ።

«ቆልፍ ማን አለህ?» አለች ፈለቀች።

«ልማድ ነው» አለ አብነት። «አይቲ ሁሉ ያደርገዋል።»

«መድረክ ላይ ያለ ማሽንማ አንቆልፍም» አለ ተስፉ። «የይለፍ ቃሉን የማናውቀውን ደግሞ ጭራሽ።»

«አምደሚካኤል ምንም አልረሳም» አለች ፈለቀች፣ ከወዲያ ወዲህ እየተንጎራደደች። «ብሬከሩን አጠፋ፤ ባጁን አንጠለጠለ። አንድ ሰው ባጁን አንስቶ ብሬከሩን አበራ። የረሳ እንዲመስል ባጁን ኮቱ ኪስ መክተት ነበረበት። ኮቱ የነበረው እዚህ፣ ከክፍቱ ላፕቶፕ አጠገብ ነው። አምደሚካኤል ራሱ እንዳይቆለፍ ያደረገውን መልሶ አይቆልፍም። ጣሃን ላፕቶፕ ምን አገባው? ሊናና ተስፉ አሁን ዓይናችሁ እያየ ክፍት ትተውት ሄዱ። ክፍት ስክሪን ሲያይ እጁ አላስችል የሚለው በማኪያቶ የተቀጣ የዚያ ቢሮ ሰው ነው። ፊዮሪ በር ላይ ነበረች። አብነት፣ የቀረኸው አንተ ነህ፤ የባጁም አሻራ ይመረመራል።»

ከውጭ የጣቢያው መኪና ጡሩምባ ተሰማ። አብነት ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ስሜን እንዳይጠራ ለመንኩት» አለ። «ውጤቱን ማጥፋትህ ስህተት ነው፣ ይቅር እልሃለሁ፤ ልጅቷን ማስባረርህን ግን እሷው ፊት ትሰማዋለህ አለኝ። ሶኬቱን ሲፈታ ኮሪደሩ ውስጥ ማንም አልነበረም።»

ፊዮሪ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። አብነትን ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

ጣሃ ግን ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። ፈለቀች ቀረበችው።

«ሰምተሃል አይደል? አንተ አይደለህም። ወደ ቤትህ ሂድ።»

«የሟቹ ቤተሰቦች የት ነው የሚኖሩት?»

«ምን ያደርግልሃል?»

«እንግዲያማ» አለ ጣሃ፣ እንባው አሁን ገና እየመጣ፣ «ለቅሶ መድረስ እችላለሁ።»