አንድ ዙር በሐይቁ ዳር

ሪሃና ዓሣ ሻጭ ናት፤ አታፍርበትም፣ ማንም እንዲያፍርላት አትፈልግም። ዝናብ በወረደባት ቀን ባጃጁ ሁሉ ሽታውን ሸሽቶ ሲያልፋት፣ ጣና ዳር ቆማ በየተራ ትሰድብ ነበር። አንዲት ሰማያዊ ቪትዝ አጠገቧ ቆመች። መኪና ለመባል ትንሽ የቀራት ዕቃ!

«ግቢ» አለ ነጂዋ ሀይደር፣ የኋላዋን በር ወደ ላይ ከፍቶ ቅርጫቱን እየጫነ።

«ይሸታል።»

«እኔም የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነኝ። የአባቴን ጀልባ ሸጬ ነው የገዛኋት።»

«ጀልባ ሽጠህ ይችን? ምን ነካህ!»

ሳቀ። «የሹም አቦ ሰፈርን ጠባብ ቅያስ ሁሉ ትገባለች። ቤንዚን ደግሞ አትጠጣም፤ ታሸታለች እንጂ።»

ወንድ ስለ መኪናው ሲያወራ ማቆሚያ የለውም። እሷ የምታየው መሪውን የያዘ እጁን ነበር። ዝም ስትል ዝም አለ። ያ ዝምታ ነው የያዛት።

ከዚያ ወዲያ ዓሣዋን የሚያደርስላት እሱ ሆነ። ሌላ የሚተያዩበት ቦታ አልነበራቸውም፤ ያች ቆርቆሮ መኪና ቤታቸው ሆነች።

አባቷ ሸህ ሙሀመድየሱፍ መኪና ውስጥ መዋሏን አያውቁም። የወረታው ነጋዴ ሙኽታር ሽማግሌ እንደሚልክ ሲሰሙ ግን ቁርጡን ተናገሩ። «ያ ሀይደር የምትይው የእውነት ከፈለገሽ፣ አርብ የከሰዓቱ ዐስር ሶላት ሳይደርስ ሽማግሌው ይምጣ። ካለፈ ቃሌን ለወረታዎቹ እሰጣለሁ።»

የሀይደር ሽማግሌ አጎቱ ቡርሀን ናቸው፤ ከከተማው ርቀው ዘጌ የሚኖሩ፣ እግራቸው የማያራምዳቸው። በመኪና መምጣት አለባቸው።

ሐሙስ ከተማው ቤንዚን አልነበረውም።

«ያለህ ለዘጌ ደርሶ መልስ ይበቃሃል?» አለችው።

«ይተርፋል! ይችን መኪና አታውቂያትም።»

«እንግዲያው አንድ ዙር በሐይቁ ዳር። ነገ ሚስትህ እሆናለሁ፤ ዛሬ ገና ልጅ ነኝ።»

ምን ያድርግ፣ አየችው። አንዱ ዙር ሌላውን ወለደ።

አርብ ዐስር ተሰገደ። ቪትዟ ሽማግሌውን እንደያዘች የዘጌ ቡና ጫካ ውስጥ ቤንዚን ጨርሳ ቀጥ ብላ ቀረች። ሀይደር አጎቱን በጀርባው አዝሎ አስፋልት አወጣ፤ አይሱዙ ለምኖ ሲደርስ ፀሐይ ገብታለች።

«ለወረታዎቹ ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ፋቲሃም ተቀርቷል» አሉ ሸህ ሙሀመድየሱፍ፣ ከበሩ ላይ ሳይነሡ። «ዘግይታችኋል።»

«መኪናዋ ነች፣ አባባ—» አለ ሀይደር።

«ጀልባ ብትሆን ትቀዝፋት ነበር።»

ሪሃና ከመጋረጃው ጀርባ አፏን ከፈተች። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ አዙረኝ ያልሁት ልትል። የት አዞረሽ ቢሏትስ? ፋቲሃው አይመለስም፤ የሚቀር ቢኖር ውርደቷ ብቻ ነው። ባጃጅ ሁሉ የሚፈራው ምላሷ ያን ቀን ከዳት። ሀይደር መጋረጃውን አየ፣ አጎቱን አዘለ፣ ሄደ።

ሪሃናን የያዙት የሠርጉ መኪናዎች ጥሩምባቸውን እየነፉ ወደ ወረታ ሲያልፉ፣ ቤንዚን ማደያው በር ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። ሰማያዊዋን ቪትዝ አየቻት። ከፊት ያለው ወንበር፣ የእሷ የነበረው፣ ባዶ ነው።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ሀይደር ሞተሩን አላስነሣም። ትከሻውን በሩ ላይ አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ገፋት።

ቤንዚን መቆጠብ አሁን ገባው።