የሃምዳ ምንጣፎች

ሃምዳን ያገኟት የጾሙ መፍቻ፣ ፊጥራ፣ ሊደርስ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር፣ አባቷ ግቢ ውስጥ ባለው መጋዘን፣ ያን ዕለት ጠዋት ከኮንቴይነር በወረደ የምንጣፍ ጥቅል ላይ በጎኗ ጋደም ብላ ነበር። እናቷ ዛምዛም የተኛች መስሏቸው «ተነሺ እንጂ፣ አዛን ሊል ነው» ብለው እግሯን ነካ አደረጓት። ከዚያ በኋላ የወጣውን ጩኸት ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ ካገባች ገና አምስት ወሯ። ምኑ ይወራል!

ሐኪሙ በማግስቱ የሞተችው በነቀዝ ኪኒን መርዝ ነው አለ። ድሬ ደግሞ ወሬ አያሳድርም። ባሏ ፈሃድ ከከተማው ወጣ ብሎ ዋሂል ላይ ማሽላ ይነግዳል፤ እዚያ ባለው መጋዘኑ ውስጥ የነቀዝ ኪኒን በጣሳ ሙሉ ያስቀምጣል። ባለፈው ሳምንት ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል። አጠገቧ የተገኘውን የማንጎ ጭማቂም ያመጣላት እሱ ነው። ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አባቷ ሐጂ ሙሂዲን ፖሊስ ጣቢያ ሄደው «ልጄን የገደላት እሱ ነው» ብለው ፈረሙ። ፈሃድም ታሰረ።

ጉዳዩ ለኢንስፔክተር የሺአረግ ተሰጣት። የሺአረግ የከዚራ ሰፈር ልጅ ናት፤ አባቷ ምድር ባቡር ነው ያረጁት። በሦስት ቋንቋ ትቀልዳለች፣ በሦስቱም ትቆጣለች። ማስረጃ ተደርድሮ ሲመጣላት ደግሞ ደስ አይላትም። «ተሰልፎ የመጣን ማስረጃ ማን አሰለፈው?» ማለት ትወዳለች።

መጀመሪያ ፈሃድን አስጠራችው። ዓይኑ አብጦ ነበር።

«ምን አጨቃጨቃችሁ?»

«ምንጣፉ ነዋ። ከቻይና በስልኳ ስታዝዘው ርካሽ ነበር። ከዚያ የመርከብ ተባለ፣ የወደብ ተባለ፣ ቀረጥ ተባለ። አንዱን ስንጨርስ ሌላው ይመጣል፤ አንዱንም ቀድሞ የነገረን የለም። ማሽላዬን ሸጬ ሰጠኋት። ‹ይቅርብሽ በቃ› አልኳት። ‹አንዴ ይግባልኝና ታያለህ› አለችኝ።»

«ጭማቂውስ?»

«ለፊጥራዋ ነው። ወላሂ ኢንስፔክተር፣ እንድትታረቀኝ ብዬ ነው የገዛሁት።»

የሺአረግ ጠርሙሱን አስመጥታ አገላበጠችው። ክዳኑ እንደታሸገ ነው። ወዲያው ሐኪሙ ጋ ደወለች።

«ዶክተር፣ ሆዷ ውስጥ ምን ነበር?»

«ምንም። ጾመኛ ነበረች እኮ። የተጎዳው ሳንባዋ ነው፤ መርዙ በትንፋሽ ነው የገባው።»

«አቦ! ይህን ለምን አልጻፍክም?»

«ጽፌዋለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ። ማን አነበበው?»

ፖሊስ ያሸገውን መጋዘን ስታስከፍት ሽታው ደጅ ላይ ተቀበላት። ነጭ ሽንኩርት ነገር ይሸታል፤ እዚያ ቤት ውስጥ ግን ከምንጣፍ በቀር ምንም አልነበረም። አፍንጫዋን በሻሽዋ ይዛ ሁሉንም ወደ ኋላ መለሰች፤ በርና መስኮቱን አስበርግዳም ግማሽ ቀን አስጠበቀች። ከዚያ ጥቅሎቹ ሲፈቱ ከየመሃላቸው ትናንሽ የጨርቅ ከረጢቶች ወደቁ። ውስጣቸው አመድ የመሰለ ዱቄት አለ። ነቀዝ ለሚያውቅ ሰው ይህ ዱቄት እንግዳ አይደለም፤ ኪኒኑ ጋዙን ተፍቶ ሲጨርስ የሚቀረው ይኸው ነው።

ኮንቴይነሩን የጫነው መኪና ፖሊስ ስላገደው አሁንም ግቢው ውስጥ ቆሟል። ሹፌሩ ዱዓሌ ጥላው ሥር ተቀምጧል።

«ካወረዱት ወዛደሮች የታመመ አለ?»

«ሁለቱን አስመለሳቸው፣ እህቴ። ጾምና ሙቀት ነው አልን።»

«ኮንቴይነሩ በር ላይ የተለጠፈ ነገር አላየህም?»

«ቢጫ ወረቀት ነበር፤ የሰው ራስ ቅል ያለበት። ማንበብ አልችልም፣ ራስ ቅል ግን አውቃለሁ። ግቢ ስገባ ነበር። ከወዛደሮቹ ጋር ንጋት ላይ ሱብሒ ሰግደን ስንመለስ ራስ ቅሉ የለም። ባለቤቶቹ ካነሱት ችግር የለውም ማለት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ራስ ቅሉ ቢኖር ወዛደሮቹም አይነኩትም ነበር።»

የሺአረግ ወንበር አስመጥታ ወደ ኮንቴይነሩ በር ወጣች። ወረቀቱ በቦታው አለ። የቻይናው ጽሑፍ አለ፣ የእንግሊዝኛውም አለ። የጠፋው ሥዕሉ ብቻ ነው፤ በቢላ ተፍቆ ብረቱ ታይቷል። ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አንብባ ወረደች።

ዕቃውን ከጉምሩክ ያስወጣው ትራንዚተር ኒቆዲሞስ ይባላል። ቢሮው ስትገባ ከወንበሩ ተነሥቶ ቆመ።

«ሐጂን አስጠንቅቀሃቸዋል ወይስ አላስጠነቀቅክም?»

«እኔ ሥራዬ ወረቀት...»

«ኒቆዲሞስ! አንድ ሰው ያላደረገውን ተሸክሞ እስር ቤት ነው።»

ስልኩን አውጥቶ ለሐጂ የላከውን የድምፅ መልእክት አሰማት። «ሐጂ፣ ዕቃው በጋዝ የታጠነ ነው። እስኪናፈስ በሩን ከፍታችሁ ጠብቁ፤ ማንም እንዳይገባ» ይላል። መልእክቱ ተከፍቶ ተሰምቷል።

«ለምን ዝም አልክ?»

«ሳይናፈስ ለምን አስወጣህ ብባልስ ብዬ ፈራሁ። ልጆች አሉኝ።»

«እሳቸውም ልጅ ነበረቻቸው» አለችውና ስልኩን ተቀብላው ወጣች።

በሦስተኛው ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ለቅሶ የመጣው ሰው ወደ ውጭ ወጣ። ፈሃድ ከነካቴናው መጣ፤ ሐጂ ሙሂዲን ሲያዩት ፊታቸውን አዞሩ። ዛምዛም ግድግዳውን ተደግፈው ምንጣፍ በሌለበት መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ሃምዳን በጭማቂ የመረዛት የለም» አለች የሺአረግ። «ጠርሙሱ አልተከፈተም፤ ሆዷም ባዶ ነው። መርዙን የተነፈሰችው ነው። የመጣውም ከዋሂል ሳይሆን ከቻይና፣ ምንጣፉ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው። ከሰዓት በኋላ ጾም አድክሟት ልታርፍ ገባች፤ ግቢው ውስጥ ወንዶች ስላሉ በሩን ዘጋች። በዚያ ሙቀት፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት።»

ዛምዛም ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ይህ እንዳይሆን ሁለት ማስጠንቀቂያ ተልኳል። አንዱ ስልክ ላይ ነው።» የኒቆዲሞስን ድምፅ አሰማቻቸው። «ሐጂ፣ ይህን ሰምተዋል።»

ሐጂ ሙሂዲን በአዎንታ አንገታቸውን ነቀነቁ። «ባዶው ኮንቴይነር በቀኑ ጅቡቲ ካልተመለሰ በየቀኑ በዶላር ይቆጠራል። የመኪናው መቆሚያም አለ። ስንቱን ልክፈል? ሲወርድ ይናፈስ የለም ወይ አልኩ።»

«ፈሃድንስ ለምን ከሰሱት?»

«እሱ ካልሆነ እኔ ነኛ! ማታውኑ ጠርጥሬ ነበር። ራሴን ማየት አቃተኝ፣ ልጄ። አቃተኝ።»

የሺአረግ ለፖሊሱ ምልክት ሰጠችው፤ ካቴናው ተፈታ። ፈሃድ ግን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ነጻ ቢወጣስ ወዴት ይሂድ? ቤቱ ሃምዳ የለችም።

«ታዲያ ራስ ቅሉን ማን ፋቀው?» አለ ዱዓሌ።

የሺአረግ ይህን ጥያቄ ስትፈራው ነበር። የተጀመረ ነገር ግን መጨረስ አለበት። «ማንበብ የሚችል ሰው ሊደብቅ ቢፈልግ ጽሑፉን አይተውም» አለች ቀስ ብላ። «ይህ ሰው ጽሑፉን አልነካም፤ የሚያስፈራውን ሥዕል ብቻ ነው የፋቀው። ስለዚህ ማንበብ አይችልም። የተፋቀው ሱብሒ ላይ ነው፤ ሹፌሩና ወዛደሮቹ መስጊድ፣ ፈሃድ ዋሂል፣ ኒቆዲሞስ ከዚራ ነበሩ። ግቢው ውስጥ የቀረው...»

«እኔ ነኝ» አሉ ሐጂ ፈጠን ብለው። «እኔ ነኝ የፋቅኩት። ይጻፍ።»

«አንተ?» አሉ ዛምዛም። «በየትኛው ጉልበትህ? ጉልበትህን አሞህ ቤት ነው የሰገድከው።»

«ዛምዛም፣ ዝም በይ።»

ዛምዛም ዝም አላሉም። «እኔ ነኝ። ልጄ ሙሽራ ናት። በረመዳን፣ የሞተ ሰው ራስ ቅል በደጇ ተለጥፎ ቆሟል! ሟርት ነው፤ ዕቃዋን ልትቀበል እዚሁ አድራለች፣ ጠዋት ስትነሣ እንዳታየው ብዬ በወንበር ወጥቼ በቢላ ፋቅኩት።» እጃቸውን እያገላበጡ አዩት። «ለእሷ ብዬ ነው።»

ፈሃድ ሄዶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «ሆዮ፣ እናቴ፣ አንቺ አይደለሽም» አላቸው። እሳቸው ግን የሚሰሙትም አይመስሉም፤ የሚያዩት የሺአረግን ነው።

«ጽሑፉ ምን ይላል? አንብቢልኝ።»

«ይቅርብዎ፣ እናቴ።»

«አንብቢልኝ አልኩሽ።»

«‹መርዝ ነው፣ አትግቡ› ይላል። ‹በሩን ከፍታችሁ ሦስት ቀን ጠብቁ› ይላል።»

ዛምዛም ወደ ባላቸው ዞሩ። ቁጣ ፊታቸው ላይ አልነበረም፤ ያልገባውን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው ነበር የጠየቁት።

«ሦስት ቀን? ሦስት ቀን ብቻ መጠበቅ ነበር?»